ውሃው ይመርጥላችኋል፦ ስለምወዳቸው የባስ ሉሮች

(ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ለዓሣ ማጥመድ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ባስ የምለው አዳኝ ዓሣ ነው፤ ሉር ደግሞ ዓሣን ለማታለል የሚወረወር ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ነው። እንደተናገርኩት ለማስቀመጥ ሞክሬያለሁ፤ ከአድማጮች የተነሡትን ጥያቄዎችም በየቦታቸው አስገብቻለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። በሥራ ቀን ጊዜ ወስዳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ብዙዎቻችሁ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ያው አንድ ነገር ነው። "ባስ የሚይዘው ሉር የትኛው ነው?" ሁሉም ይይዛል። ሱቅ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ የምታዩት ሁሉ በቦታውና በወቅቱ ከተወረወረ ዓሣ ይይዛል። ችግሩ ቦታውንና ወቅቱን ሳናይ መወርወራችን ነው። ስለዚህ ቦርሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ቆም ብላችሁ ውሃውን እዩት። ሣር አለው? ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል? ሞቋል ወይስ ገና ቀዝቃዛ ነው? ዛፍ ወድቆበታል? እነዚህን ካያችሁ ሉሩን የሚመርጥላችሁ ውሃው ራሱ ነው።

ከመካከላችን አገር ቤት ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ዳር በመንጠቆ ያጠመደ ሰው አለ። እዚያ የለመድነው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌና ጥቃቅን ነገር የሚለቅም ዓሣ ስለሆነ መንጠቆ ላይ ትል ወይም ሊጥ አድርገን፣ ጥለን፣ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ባስ ግን አዳኝ ነው። ላርጅማውዝ የሚባለው፣ እዚህ ፖቶማክ ወንዝና በርክ ሌክ ሐይቅ ላይ የምናገኘው፣ ከሣር ሥር ወይም ከወደቀ ግንድ ጥላ ውስጥ ተደብቆ ድመት በአይጥ ጉድጓድ ደጃፍ እንደምታደባው ያደባል። የሚበላው ነገር በአጠገቡ ሲያልፍ አፉን በአንዴ ይከፍታል። ውሃው ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ትንሿ ዓሣም አብራ ትገባለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይናችሁን እስክትጨፍኑ ባለ ጊዜ ነው።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። አንደኛ፣ ባስ እጅ የለውም። የማያውቀውን ነገር የሚመረምረው በአፉ ነው። ስለዚህ የእኛን ጎማና ፕላስቲክ የሚጎርሰው ሁልጊዜ ርቦት አይደለም፤ ምን እንደሆነ ለማወቅም ይጎርሳል፤ ካልጣመው ደግሞ ወዲያው ይተፋዋል። ሁለተኛ፣ ከጎኑ ከጉንጩ እስከ ጭራው የሚሄድ መስመር አለው። በዚያ መስመር የውሃውን ንዝረት ይሰማል። ጨለማ ውስጥም ሆነ የደፈረሰ ውሃ ውስጥ የሚያድነው በዚህ ነው። ጥሩ ሉር የሚባለው እንግዲህ ለዓይኑ፣ ለዚህ መስመር ወይም ለአፉ አንድ ነገር የሚነግር ነው። ሦስቱንም በእኩል የሚያሟላ የለም። ለዚህ ነው ውሃውን እዩ የምላችሁ፤ በጠራ ውሃ ዓይኑ ይቀድማል፣ በደፈረሰ ውሃ ንዝረቱ ይቀድማል።

ውሃን አይቶ ሉር መሥራት ማለት ምን እንደሆነ ያሳየ ሰው ልጥቀስ። ላውሪ ራፓላ ይባላል። ፊንላንዳዊ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ኑሮው ከዚያ ነው። ጀልባው ላይ ሆኖ ትላልቆቹ ዓሣዎች ትንንሾቹን እንዴት እንደሚያድኑ ያስተውል ነበር። ከመንጋው መካከል የሚመቱት ትንሽ ዘንበል ብላ፣ እየተንገዳገደች የምትዋኘዋን መሆኑን አየ። በ1936 ከቡሽ አንድ ሉር ቀረጸ። ላዩን በቸኮሌት መጠቅለያ ብልጭልጭ ሸፈነው፣ የፎቶ ኔጋቲቭ አቅልጦ ቀባው፣ እንደ ቆሰለች ዓሣ እንዲንገዳገድ አደረገው። ዛሬ ራፓላ የሚለውን ስም የማታውቁ የላችሁም። ሰውየው መጀመሪያ ውሃውን ነው ያየው፤ ቢላዋውን ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ምርጫ ልምጣ።

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ሳላመነታ የፕላስቲክ ትል ነው የምለው። ከ1949 በፊት ሰው የሚወረውረው በአብዛኛው እንጨትና ብረት ነበር። በዚያ ዓመት ኦሃዮ፣ አክረን ከተማ ውስጥ ኒክ ክሬም የሚባል ሰው ለስላሳ ፕላስቲክ ትል ሠራ፣ በኋላም ለገበያ አቀረበው፤ የባስ ማጥመድ ታሪክ ከዚያ በኋላ ሌላ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንጨት ጥርሱ ሲነካው ባሱ ወዲያው ያውቀዋል። ለስላሳው ግን ሥጋ ይመስለዋልና ያቆየዋል። ያቺ አንድ ሁለት ሰከንድ ለእኛ ብዙ ናት።

ከእነዚህ ትሎች ሁሉ የእኔ ሴንኮ ነው። ጋሪ ያማሞቶ የሚባለው ሉር ሠሪ በ1990ዎቹ ያወጣው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ይህ ምን ዓሣ ያታልላል ይላል። ጭራ የለውም፣ እግር የለውም፣ ክንፍ የለውም። ወፍራም እስክሪብቶ ነው የሚመስለው። ነገር ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ብዙ ጨው ስላለ ከብዶ ያለ እርሳስ በራሱ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥም አግድም ሆኖ ሁለቱም ጫፎቹ እየተንቀጠቀጡ ነው። የሚሠራው ሲወድቅ ነው። ይህችን ከያዛችሁ ሴንኮን ይዛችሁታል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ባለ 5 ኢንቹን ውሰዱ። መንጠቆውን መሃሉ ላይ ውጉት፤ ዋኪ የሚሉት አሠራር ይህ ነው። ከሣሩ ጫፍ፣ ከጀልባ ማቆሚያው እንጨት ሥር ወይም ከወደቀው ዛፍ ጎን ወርውሩት። ከዚያ ምንም አታድርጉ። ሪሉን (የክር መጠቅለያውን) አታዙሩ፣ ዘንጉን አትጎትቱ። ክሩን ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ዓይናችሁን እሱ ላይ ብቻ ተክሉ። ክሩ ነቅነቅ ካለ፣ ወደ ጎን መሄድ ከጀመረ፣ ወይም መሬት ሳይደርስ መስመጡን ካቆመ ዓሣው ይዞታል። ምንም ካልሆነ መሬት እስኪደርስ ጠብቁ፣ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አንሡት፣ እንደገና እንዲወድቅ ልቀቁት። ይኸው ነው።

ቀላል ይመስላል፤ ከባዱ ግን መተው ነው። ከጎኔ ቆመው ሲያጠምዱ የማያቸው አብዛኞቹ ጀማሪዎች ወርውረው ሦስት ሳይቆጥሩ ማዞር ይጀምራሉ። ሴንኮ ሲዞር ተራ ፕላስቲክ ነው። እባካችሁ ተዉት። የጎረቤታችሁ ሉር በጩኸት ውሃውን ሲያምስ አይታችሁ አትቸኩሉ።

ቀለምን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። ግሪን ፓምፕኪን የሚሉት ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ጭቃማ አረንጓዴ በጠራ ውሃ የትም ይሠራል። ለደፈረሰ ውሃ ጥቁር ከሰማያዊ ጋር ግዙ። ጥቁር በድፍርስ ውሃ ውስጥ ቅርጹ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። እነዚህን ሁለቱን ይዛችሁ ዓመቱን መጨረስ ትችላላችሁ። ሱቅ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ አርባ ቀለሞች ይቆዩ።

ሴንኮ አንድ ጉድለት አለው፤ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይቀደዳል። አንድ ሁለት ዓሣ ከያዘ በኋላ መሃሉ ይበጠሳል። ትንሽ የጎማ ቀለበት መሃሉ ላይ አድርጋችሁ መንጠቆውን ከቀለበቱ ሥር ብታስገቡት ብዙ ይቆያል። የተቀደደውን ግን ውሃ ውስጥ እንዳትጥሉት፤ ይህን አደራ እላለሁ። ዓሣ ይውጠዋል፣ አይፈጨውም፣ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱትና ቤት ወስዳችሁ ጣሉት።

ሣሩ ከበዛ ዋኪ አይሆንም፤ መንጠቆው ሣር ይለቅማል። ያን ጊዜ ቴክሳስ ሪግ ነው። የመንጠቆው ጫፍ ተመልሶ ፕላስቲኩ ውስጥ ይደበቃል፣ ከፊት ጥይት የመሰለች ክብደት ትገባለች። ሣሩን ሰንጥቆ ያልፋል። ለክብደቱ ከእርሳስ ይልቅ ተንግስተን የሚባለውን ብረት እመርጣለሁ። ውድ ነው፤ ግን ክብደታቸው እኩል ሆኖ መጠኑ ከእርሳሱ ያንሳል፣ ጠንካራ ስለሆነም ከታች ያለው ድንጋይ ይሁን ጭቃ በዘንጉ በኩል እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። መንጠቆው ፕላስቲኩን በስቶ ስለሚወጣ እዚህ ላይ ስትመቱ፣ ማለትም መንጠቆው እንዲወጋው ዘንጉን ስትነጥቁ፣ ጠንከር አድርጋችሁ ነው።

(እዚህ ላይ አንዲት እህት ጠየቀች፦ "ሽታ የሚቀባው ነገር ይጠቅማል ወይ?") በፍጥነት ለሚጎተት ሉር አይጠቅምም፤ ባሱ ለማሽተት ጊዜ የለውም። ቀስ ብሎ ለሚሠራው ለትሉ ግን ጥቂት ይጠቅማል፤ ጎርሶ እንዳይተፋው ያቆየዋል። በገንዘብ እንመዝን ካላችሁ ግን ለሽታ በምታወጡት ገንዘብ ጥሩ መንጠቆ ብትገዙ ይሻላል። ስለታም መንጠቆ የሚያስገኘውን ሽታ አያስገኝም።

አሁን ወደ ፖቶማክ እንውረድ፤ ስለ ጎማ እንቁራሪቷ ሳላወራ ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ፖቶማክ ውስጥ ሃይድሪላ የሚባል ሣር አለ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነው የታየው። ከውጭ የመጣ ሣር ነው፤ ባለ ጀልባዎች ይጠሉታል፣ ሞተር ላይ ይጠመጠማል። ለባስ ግን ቤት ሆነለት። ጥላ ሰጠው፣ ለትንንሾቹ ዓሣዎች መደበቂያ ሆነ፤ እነሱ ባሉበት ደግሞ እሱ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ሣሩ አድጎ ውሃው ላይ ምንጣፍ ይሆናል። ማታዎማን ክሪክ ወይም ፖሂክ ቤይ በዚያ ወቅት የሄደ ያውቀዋል፤ ውሃ የሚታይበት ቦታ ይጠፋል። ከላይ ሲያዩት ማንም ዓሣ አለበት አይልም። ከሥሩ ግን ቀዝቃዛና ጥላ ነው፣ ባሱም እዚያ ነው።

እዚያ ላይ ምንም ሉር አያልፍም፣ ውስጡ ባዶ ከሆነችው የጎማ እንቁራሪት በስተቀር። ሁለት መንጠቆዎቿ ወደ ላይ ዞረው ጀርባዋ ላይ ተለጥፈዋል፤ ሣር አይነካቸውም። ባሱ ሲነክሳት ጎማው ይጨፈለቅና መንጠቆዎቹ ይወጣሉ። በምንጣፉ ላይ ወርውራችሁ ዘንጋችሁን ወደ ታች ይዛችሁ ጫፉን በትንሽ በትንሹ ነቅነቅ እያደረጋችሁ ታመጧታላችሁ። ክፍት ቀዳዳ ጋ ስትደርስ አቁሟት። ሣሩ ከሥሯ ሲነቃነቅ ብታዩም አቁሟት። ከዚያ ውሃው ይፈነዳል። ይህን ያላየ ሰው በቃል ቢነገረው አይገባውም።

ሲፈነዳ አትምቱ! ሁሉም ሰው ደንግጦ ይመታል፣ እንቁራሪቷ ወደ ፊቱ ተመልሳ ትበርራለች፣ ባሱም ይሄዳል። ባሱ ሣሩን አብሮ ስለሚጎርስ አስተካክሎ እስኪይዛት ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ዘንጋችሁን ወደ ፊት ዝቅ አድርጉ፣ ክብደቱ እጃችሁ ላይ ሲሰማ ያን ጊዜ ባላችሁ ኃይል ምቱ። ክሩ ብሬይድ (የተጎነጎነ ክር) ይሁን፣ 50 ወይም 65 ፓውንድ የሚችል። ብሬይድ አይለጠጥም፣ ሣሩንም ይቆርጣል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ለእንቁራሪት አይሆንም፤ ክሩ ራሱ ይሰምጣል፣ አካሄዷን ያበላሻል።

አንዳንዴ ባስ ሳይሆን ስኔክሄድ ይመታታል። ይህ እባብ ራስ የሚሉት ከእስያ የመጣ ዓሣ ፖቶማክ ውስጥ የተገኘው በ2004 ነው፤ ዛሬ ሣር ባለበት ሁሉ አለ። ጥርሱ ስለታም ነው፣ ጣታችሁን ጠብቁ። ሥጋው ነጭና ጥሩ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ልትወስዱት ከሆነ ግን እዚያው መግደል አለባችሁ፤ በሕይወት ይዞ መሄድ ሕግ ይከለክላል።

ፖቶማክ ላይ ሌላ የምትጠብቁት ነገር አለ። ከቼይን ብሪጅ አካባቢ ወደ ታች ወንዙ የባሕሩን እንቅስቃሴ ይከተላል። በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ውሃው ሲሞላ ባሱ ሣሩ ውስጥ ይበተናል፣ የትም ሊሆን ይችላል። ሲወርድ ግን ትንንሾቹ ዓሣዎች ከሣሩ ይወጣሉ፣ ባሱም ከሣሩ ጫፍ ወጥቶ ይጠብቃቸዋል። የመውረጃውን የመጨረሻ ሰዓታት እወዳለሁ፤ ዓሣው አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የሰዓት ሠንጠረዡ ስልካችሁ ላይ አለ። ነገር ግን ለአሌክሳንድሪያ የተጻፈው ለማታዎማን አይሠራም፤ የምትሄዱበትን ቦታ ለይታችሁ እዩ። ሰው ሉር ለመምረጥ አንድ ሰዓት ሱቅ ውስጥ ቆሞ ይህን አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ሳያይ ይሄዳል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ውሃው ሲወርድ፣ ከሣሩ ጫፍ ላይ ቻተርቤይት ነው የማሥረው። ከሳውዝ ካሮላይና የመጣ ፈጠራ ነው። ከመንጠቆው ፊት ቀጭን ብረት አለች፤ ስትጎተት ግራ ቀኝ እየመታች ውሃውን ታናውጣለች። ያ ንዝረት ለባሱ የጎን መስመር ነው። እጃችሁ ላይም ይሰማል። ሣር ሲይዛት አትዘኑ፤ ዘንጉን ነጠቅ አድርጋችሁ አላቅቋት። ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ልክ ከሣሩ ስትላቀቅ ነው፤ ያመለጠች ትመስለዋለችና። በመጸው፣ ሻድ የሚባሉት የብር ቀለም ያላቸው ትንንሽ ዓሣዎች በመንጋ ሲሄዱ ነጩን ተጠቀሙ።

ስለ ክራንክቤይት፣ ሲጎተት ጠልቆ እየተንቀጠቀጠ ስለሚሄደው የዓሣ ቅርጽ ያለው ሉር፣ አጠር ላድርግ። ቴነሲ፣ ኦክ ሪጅ ይኖር የነበረ ፍሬድ ያንግ የሚባል ሰው ከባልሳ እንጨት በእጁ ይቀርጸው የነበረው ቢግ ኦ ለዛሬዎቹ ሆዳም አጫጭር ክራንክቤይቶች አባት ነው። እንጨትና ድንጋይ ባለበት ተጠቀሙበት፤ ከግንድ ጋር አጋጩት። ተጋጭቶ አቅጣጫ ሲቀይር ነው ባሱ የሚመታው። ከምንም ሳይጋጭ በባዶ ውሃ ውስጥ የሚሄድ ክራንክቤይት ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። ባሱ በጸደይ ክሬይፊሽ የሚባለውን ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ ስለሚበላ ቀላ ያለውን እመርጣለሁ።

የብርዱን ወራት ብዙዎቻችሁ ቤት ናችሁ። ለምትወጡት፦ ጀርክቤይት የሚባለው ቀጭን የዓሣ ቅርጽ ያለው ሉር፣ መሃል ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዓይነት። ውሃው 45 ፋራናይት አካባቢ ሲሆን ባሱ ለማሳደድ አቅም የለውም። ሁለቴ ነጠቅ፣ ከዚያ ረጅም ማቆም። ከምታስቡት በላይ ረጅም።

(አንድ ወንድም፦ "ታዲያ ስንት ሉር ነው መግዛት ያለብን?" አለ።) በ1932 ጆርጂያ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ሌክ ላይ፣ ጆርጅ ፔሪ የሚባል ወጣት 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የሆነ ባስ አወጣ። ወደ 10 ኪሎ ማለት ነው። እንደሚባለው እሱና ጓደኛው በዚያን ቀን ይዘውት የወጡት ሉር አንድ ብቻ ነበር። ያ ክብረ ወሰን እስከ 2009 ማንም አልደረሰበትም። በ2009 ጃፓን፣ ቢዋ ሐይቅ ላይ፣ ማናቡ ኩሪታ እኩል የሚቆጠር ባስ ያዘ፤ እሱ የተጠቀመው ሉር ሳይሆን በሕይወት ያለ ብሉጊል ዓሣ ነው። እንግዲህ ትልቅ ዓሣ ከትልቅ ቦርሳ አይመጣም። ለጀማሪ አንድ ፓኬት ሴንኮ፣ ጥቂት መንጠቆ፣ አንድ ቻተርቤይት። ፖቶማክ የምትሄዱ ከሆነ እንቁራሪቷን ጨምሩ። ለዚህ ዓመት ይበቃል። የተረፈውን ገንዘብ ለፈቃድ አውሉት፤ ዕድሜያችሁ 16 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ዲሲም፣ ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም በአብዛኛው ፈቃድ ይጠይቃሉ። በመኪና አሥር ደቂቃ ሄዳችሁ ድንበር ስለምትሻገሩ ፈቃዳችሁ የት እንደሚሠራ አስቀድማችሁ አጣሩ።

(ሌላ ጥያቄ፦ "ይዘን ወደ ቤት ብንወስደውስ?") መጠኑንና ብዛቱን የሚወስን ሕግ አለ፤ በዚያ ውስጥ ከሆናችሁ መብታችሁ ነው። ነገር ግን ፖቶማክ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ስላለ የትኛውን ዓሣ ምን ያህል መብላት እንደሚቻል የወጣ ማሳሰቢያ አለ። በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት ያሉበት ቤት ሳያነብ እንዳይበላ። እኔ ባስን እለቀዋለሁ። እዚህ አገር ይህን ልማድ ያስፋፋው ሬይ ስኮት ነው፤ በ1972 በውድድሮቹ ላይ የያዛችሁትን አትግደሉ ብሎ ጀመረ። ትልቋ ባስ ለዚያ መጠን ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶባታል፣ በሆዷ የምትይዘውም እንቁላል ብዙ ነው። ጾም ላይ ዓሣ የሚያምራችሁ ከሆነ ስኔክሄድ ወይም ብሉካትፊሽ ያዙ፤ ሁለቱም ከሌላ ቦታ ወደ ወንዙ የመጡና የበዙ ናቸው። ለእነሱም ቢሆን ማሳሰቢያውን አንብቡ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንዲት እናት ነው፤ ልጃቸው በሴንኮ የያዘው ባስ መንጠቆውን ጭልጥ አድርጎ ውጦት ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው ነበር። እማማ፣ ትሉን ስለሚወደው ነው የሚውጠው፤ የሴንኮ ትልቁ አደጋ ይኸው ነው። በጉልበት እንዳይጎትቱት፣ ውስጡን ይቀደዋል። መንጠቆው ከታየ በረጅም ጉጠት ቀስ ብሎ አዙሮ ማውጣት ነው። ካልታየ ክሩን በተቻለ መጠን ወደ መንጠቆው ቀረብ አድርጎ ቆርጦ ዓሣውን መልቀቅ፤ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። እጅዎን አስቀድመው ያርጥቡት፣ ከላዩ ያለው ልጋግ እንዳይላጥ። ከነጭራሹ እንዳይውጠው ደግሞ ልጁ ክሩን እያየ ይጠብቅ፤ ክሩ ሲንቀሳቀስ ሳይዘገይ ላላ ያለውን ሰብስቦ ይምታ፤ ያን ጊዜ መንጠቆው ከንፈሩ ላይ ነው የሚገኘው። ከጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የሚይዝ ትንሽ ጥርስ የሌለው መንጠቆም ይሸጣል፤ ባለዎት መንጠቆ ላይ ያለችውንም ጥርስ በጉጠት መጨፍለቅ ይቻላል። ለልጆች እኔ የማሥረው እሱን ነው።